ሰውነት ጆይስቲክ ሲሆን

ጁላይ 15 ቀን 1983 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን የጌም ኮንሶል በጃፓን ለገበያ አቀረበ። ማሽኑ በገመድ የታሰሩ፣ የማይነቀሉ ሁለት ጆይስቲኮች ነበሩት። በአንደኛው ላይ ጌሙን ለማስጀመርና ለመምረጥ የሚያገለግሉ ቁልፎች ተገጥመዋል። በሁለተኛው ላይ ግን በእነዚያ ፋንታ ትንሽ ማይክሮፎንና የድምፅ መጠን ማስተካከያ ተቀምጠዋል። ልጁ ሲናገርበት ድምፁ በቴሌቪዥኑ በኩል ይወጣል።

ያ ማይክሮፎን ቃል አይለይም። የሚያውቀው ድምፅ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው፤ ጩኸትም ዘፈንም ትንፋሽም ለእሱ አንድ ነበር። ጌም ሠሪዎች ግን በዚህችው ተጫወቱባት። በ1986 በወጣው "ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ" ውስጥ ጆሮው እንደ ጥንቸል የረዘመ ጭራቅ አለ፤ ተጫዋቹ ማይክሮፎኑ ላይ ሲጮህ ይሞታል። ጌሙ ወደ አሜሪካ ሲሻገር እዚያ የሚሸጠው ኮንሶል ማይክሮፎን አልነበረውም። መመሪያው መጽሐፍ ግን ጭራቁ ከፍተኛ ድምፅ እንደሚጠላ መናገሩን ቀጠለ። ይህን ያነበበ አሜሪካዊ ልጅ በጌሙ ውስጥ ያገኘውን ዋሽንት አውጥቶ ቢነፋ አይፈረድበትም፤ ዋሽንቱ ግን በጭራቁ ላይ ምንም አያመጣም።

እጅን የመለየቱ ጉዞ የተጀመረው ከጌም ዓለም ውጪ ነው። ቶማስ ዚመርማን የተባሉ አሜሪካዊ ወጣት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጣትን መተጣጠፍ የሚለካ ጓንት ሠሩ። የተነሡበት ሐሳብ ደስ የሚል ነበር፦ ጊታር ሳይዙ በአየር ላይ ጊታር መምታት፣ ሙዚቃው ግን የእውነት እንዲሰማ ማድረግ። በኋላ ከጃሮን ላኒየር ጋር ቪፒኤል በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሐሳቡን አሳደጉት፤ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሳይቀር የሚሠራበት መሣሪያ ሆነ። የኩባንያው ጓንት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር። በ1989 የአሻንጉሊት አምራቹ ማቴል ይህንኑ ሐሳብ አቅልሎ፣ ፓወር ግላቭ በሚል ስም፣ ለኒንቴንዶ ተጫዋቾች በ75 ዶላር ገደማ አወጣው።

ዋጋውን ለማርከስ ብዙ ነገር መቅረት ነበረበት። የጣት መተጣጠፍ የሚለካበት ውድ የብርሃን ገመድ ተነሥቶ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ቀለም ተተካ። ጓንቱ የአራት ጣቶችን እንቅስቃሴ እንጂ የትንሿን ጣት አያውቅም። እጁ የት እንዳለ የሚታወቀው ደግሞ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ነው፤ ጓንቱ ላይ ያሉት ሁለት ማሰራጫዎች ድምፁን ይልካሉ፣ ቴሌቪዥኑ ዙሪያ የተተከሉ ሦስት መቀበያዎች ያዳምጣሉ፣ ድምፁ ለመድረስ ከፈጀበት ጊዜ ርቀቱ ይሰላል። ምሕንድስናው የሚያስደንቅ ነበር፤ አሁንም ያስደንቀኛል። ጨዋታው ላይ ግን ክንድን በአየር ላይ ዘርግቶ መቆየት ያደክማል፣ ጓንቱም የእጁን ቦታ ቶሎ ቶሎ ይስታል። በተለይ ለእሱ ተብለው የተሠሩ ጌሞች ሁለት ብቻ ነበሩ። ለቀሩት ሁሉ ተጫዋቹ ክንዱ ላይ ባለው የቁጥር ሰሌዳ ኮድ እያስገባ፣ ጓንቱ ተራ ጆይስቲክን እንዲመስል ያደርገዋል። ያኔ በአውራ ጣት በቅጽበት ይሠራ የነበረው ነገር በሙሉ ክንድ መሥራት ሊኖርበት ነው። ልጆቹ ጓንቱን በፊልምና በማስታወቂያ አይተው ወደዱት፤ ቤት ወስደው ግን ብዙ አልቆዩበትም።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ዓመታት በሙከራ የተሞሉ ናቸው። ኮናሚ በ1990 ተጫዋቹ "ተኩስ" ብሎ ሲናገር የሚተኩስ የራስ ማዳመጫ አወጣ፤ መሣሪያው ግን ለማንኛውም ድምፅ ይተኩስ ነበር። ሴጋ በ1993 መሬት ላይ የሚነጠፍ ባለ ስምንት ማዕዘን ቀለበት አመጣ፤ ከቀለበቱ ወደ ላይ የሚወጣውን የማይታይ ብርሃን በእጅ ወይም በእግር መቁረጥ ቁልፍ እንደመጫን ይቆጠራል። ሁለቱም ሳይውል ሳያድር ተረሱ።

ድምፅን በቃል ደረጃ የመለየት ሙከራ መልክ የያዘው በአሥርቱ መጨረሻ ነው። በ1998 በጃፓን፣ በ2000 ደግሞ በአሜሪካ የወጣው "ሄይ ዩ፣ ፒካቹ!" የተባለው የኒንቴንዶ 64 ጌም ከማይክሮፎንና ከልዩ ድምፅ መለያ ክፍል ጋር አብሮ ይሸጥ ነበር። ወደ 200 የሚሆኑ ቃላት ያውቃል፤ የተቃኘው ለልጅ ቀጭን ድምፅ ስለነበር አዋቂ ሲያናግረው ግራ ይጋባል። ጨዋታው ብዙም ግብ የለውም። ልጁ ከቢጫዋ እንስሳ ጋር ያወራል፣ አብሯት ይሄዳል፣ አንዳንዴ ትሰማዋለች፣ አንዳንዴ ችላ ትለዋለች። የቤት እንስሳ ሁሉ እንደዚያ ስለሆነ ችላ መባሉ ልጁን አያስቀይመውም። የማሽኑ ድክመት በጨዋታው ውስጥ ምክንያት አግኝቷል።

ዩት ሳይቶ በ1999 ለሴጋ ድሪምካስት ያወጡት "ሲማን" ይህንኑ ሌላ ደረጃ ላይ አደረሰው። በገንዳ ውስጥ የሚዋኝ፣ ፊቱ የሰው የሆነ ዓሣ ነው። ተጫዋቹ ያሳድገዋል፣ በማይክሮፎን ያናግረዋል። ዓሣው ግን ጨዋ አይደለም፤ ዕድሜን፣ ሥራን፣ የግል ሕይወትን ይጠይቃል፣ ያሽሟጥጣል፣ ያልገባው ነገር ሲነገረው ይበሳጫል። እንዲህ ያለ ነገረኛ ፊት ለፊት የቀረበ ተጫዋች ማሽኑ አልሰማኝም ከማለት ይልቅ ቃሉን አስተካክሎ ይደግማል። በድምፅ ከታዘዙት ጌሞች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህን ነው፤ ዓሣው ከተጫዋቹ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት እንጂ ትእዛዝ መፈጸም አልነበረም ሥራው።

ካሜራው የገባው በ2003 ነው። ሪቻርድ ማርክስ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራመሩት ባሕር ሥር የሚሄዱ ሮቦቶች በካሜራ እንዴት መንገዳቸውን እንደሚያገኙ ነበር፤ የፕሌይስቴሽን 2ን አቅም ሲያዩ ወደ ሶኒ ገቡ። ከሥራቸው የተወለደው አይቶይ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀመጥ ተራ ካሜራ ሲሆን፣ ለንደን የሚገኘው የሶኒ ስቱዲዮ ጌሞቹን ሠራለት። ተጫዋቹ ራሱን በመስኮቱ ውስጥ ያያል፤ በአንደኛው ጌም መስተዋት ይወለውላል፣ በሌላኛው የሚዘልሉበትን ትናንሽ ተዋጊዎች በክንዱ ይመታል። ካሜራው እጅ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አንዱን ምስል ከቀጣዩ ጋር እያስተያየ የተለወጠውን ቦታ ብቻ ይመለከታል፤ ክፍሉ ከጨለመ ይህንንም አያይም። እንደዚያም ሆኖ አውሮፓ ውስጥ በሰፊው ተሸጠ። ሰው ራሱን በቴሌቪዥን ሲያይ ይስቃል፣ እንግዳ ሲመጣም ማሳየት ይወዳል፤ ጌሙም ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

በዚያው ሰሞን ኒንቴንዶ ተጨንቆ ነበር። ጌምኪዩብ የተባለው ኮንሶሉ በፕሌይስቴሽን 2 በሰፊው ተበልጧል፣ የጃፓን የጌም ገበያም እየጠበበ ነበር። በ2002 የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ሳቶሩ ኢዋታ ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነበር፦ የቴሌቪዥን ሪሞት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሲገኝ ቤተሰቡ በሙሉ ያለ ፍርሃት ያነሣዋል፤ በቁልፍና በዱላ የተሞላውን ጆይስቲክ ግን የማይጫወት ሰው ሊነካው ይፈራል። ሴፕቴምበር 2005 በቶኪዮ የጌም ትርዒት መድረክ ላይ ኢዋታ አዲሱን መቆጣጠሪያ ሲያሳዩ፣ በእጃቸው የያዙት ነጭ ሪሞት ነበር። አብሮ የታየው ፊልም አንድም የጌም ምስል አልነበረበትም። ሶፋ ላይ ያሉ ሰዎችን ብቻ ያሳያል፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላዋ ታበስላለች፣ ሌላው ኦርኬስትራ ይመራል። ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ተጫዋቹን እንዲያይ ተደርጎ ነበር።

ይህን ሪሞት የያዘው አዲሱ የኒንቴንዶ ኮንሶል ዊ ኖቬምበር 19 ቀን 2006 በአሜሪካ በ250 ዶላር ሽያጭ ጀመረ። የሶኒው ፕሌይስቴሽን 3 ከሁለት ቀን በፊት እዚያው አገር የገባው በ499 እና በ599 ዶላር ነው። በሪሞቱ ሆድ ውስጥ ያለው አክሰለሮሜትር (የፍጥነት ለውጥ መለኪያ) አናሎግ ዲቫይስስ የተባለው ኩባንያ የሠራው የሲሊኮን ቅንጣት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቅንጣት በብዛት መመረት የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ መኪና ሲጋጭ ኤርባግ እንዲነፋ ለማዘዝ ነው። የመኪና ገበያ ስላረከሰው የሕፃን መጫወቻ ውስጥ ለመግባት በቃ። የሪሞቱ ጫፍ ላይ ኢንፍራሬድ የሚያይ ካሜራ አለ። ቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው፣ ሰዎች ሴንሰር የሚሉት ዘንግ ግን ምንም አይለካም፤ ከሁለት ጫፉ የማይታይ ብርሃን የሚፈነጥቅ መብራት ብቻ ነው። በእሱ ፋንታ ሁለት ሻማ ቢበራ ሪሞቱ ይሠራል።

ከጃፓን ውጪ በአብዛኞቹ አገሮች ከኮንሶሉ ጋር በነፃ የመጣው "ዊ ስፖርትስ" አምስት ስፖርቶች ነበሩት፤ ቴኒስ፣ ቤዝቦል፣ ቦውሊንግ፣ ጎልፍና ቦክስ። ቴኒሱን ልብ ብሎ ላየ፣ ተጫዋቹ የሚሠራው እጅግ ጥቂት ነው። ገፀ ባሕርዩ ራሱ ወደ ኳሱ ይሮጣል፣ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ከሰውየው የሚጠበቀው በሰዓቱ ክንዱን መወንጨፍ ብቻ ነው። አክሰለሮሜትር ፍጥነት መለወጡን እንጂ እጅ የት እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ ሶፋ ላይ የተኛ ሰው አንጓውን ቢያንቀሳቅስ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ሙሉ ምት ይመታል። ሰዎች ግን ተነሥተው ቆሙ። ማንም ሳያስገድዳቸው እንደ ባለሙያ ተዘጋጅተው፣ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ስበው መቱ። ቴክኖሎጂው ያላወቀውን የሰውየው ምናብ ሞላው።

አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያዎች የቦውሊንግ ውድድር ተደረገ፤ ሕክምና ቦታዎችም ለአካል ማገገሚያ ልምምድ ወሰዱት። በሞቅታ የተወረወሩ ሪሞቶች ደግሞ ቴሌቪዥን ሰበሩ፤ ኒንቴንዶ በዲሴምበር 2006 ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚሆኑ የእጅ ማሰሪያዎችን በወፍራም ለመለወጥ ተገደደ። ከዓመት ገደማ በኋላ የኒንቴንዶው ጌም ሠሪ ሺገሩ ሚያሞቶ በየቀኑ ክብደታቸውን ከመለካት ልማድ ያፈለቁት "ዊ ፊት" ከሚቆሙበት ሚዛን ጋር ተከተለ። ዊ በመጨረሻ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ተፎካካሪዎቹ ከዚህ የተማሩት ትምህርት አንድ አልነበረም። ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ጨምሮ፣ በ2007 "ሌይር" በተባለው የዘንዶ ጌም ውስጥ ግዴታ አደረገው። ዘንዶውን ለማብረር ጆይስቲኩን በአየር ላይ ማዘንበል እንጂ ሌላ መንገድ የለም። ተጫዋቾችም ተቺዎችም አማረሩ። በቀጣዩ ዓመት ጌሙን የሚያድስ ማሻሻያ ወጥቶ በተለመደው ዱላ መጫወት ተፈቀደ፤ ለጌሙ ስም ግን ዘግይቷል። የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ሰው ክንዱን እንዲያነሣ ሲጋበዝ ያነሣል፤ ክንድህን ካላነሣህ አትጫወትም ሲባል ጆይስቲኩን አስቀምጦ ይሄዳል። ትልቁ ማስረጃ ግን ገና እየመጣ ነበር።

ጁን 1 ቀን 2009 ማይክሮሶፍት ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ስቲቨን ስፒልበርግን ሳይቀር መድረክ ላይ አውጥቶ፣ ፕሮጀክት ናታል የተባለውን፣ ለኤክስቦክስ ኮንሶሉ የታሰበ መሣሪያ አስተዋወቀ። ስሙ የወጣለት ከሥራው መሪዎች አንዱ በሆኑት ብራዚላዊ በአሌክስ ኪፕማን አገር ካለችው ከናታል ከተማ ነው። መልእክቱ ቀላልና ደፋር ነበር፦ ከእንግዲህ ጆይስቲክ አያስፈልግም፤ መቆጣጠሪያው አንተ ነህ። ጌም ሠሪው ፒተር ሞሊኑ ከተጫዋቹ ጋር የሚያወራ፣ ፊቱን አይቶ ስሜቱን የሚረዳ ማይሎ የተባለ ልጅ አሳዩ። ማይሎ ለገበያ ሳይወጣ ቀረ።

መሣሪያው ግን የእውነት ነበር፤ በ2010 ኪኔክት ተባለ። ዓይኑ የመጣው ቴል አቪቭ ውስጥ በ2005 ከተመሠረተው ፕራይምሴንስ ነው። ኪኔክት በክፍሉ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የማይታዩ የብርሃን ነጠብጣቦችን ይረጫል፤ ነጠብጣቦቹ ቅርብ ያለ ነገር ላይ ሲያርፉና ሩቅ ያለ ነገር ላይ ሲያርፉ አቀማመጣቸው ይለያያል፣ ካሜራው ልዩነቱን አንብቦ የክፍሉን ጥልቀት ያሰላል። ክፍሉ ቢጨልምም ግድ የለውም። አራት ማይክሮፎኖች ደግሞ ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይለያሉ።

ከጥልቀቱ ውስጥ ሰውን ማውጣት ሌላ ፈተና ነበር። ቀድሞ የነበሩት ዘዴዎች አካልን ከምስል ወደ ምስል እየተከተሉ ስለሚሄዱ፣ አንዴ ከጠፋባቸው ተጫዋቹ ክንዱን ዘርግቶ እንደገና እስኪለኩት መቆም ነበረበት። በእንግሊዝ ካምብሪጅ በሚገኘው የማይክሮሶፍት ምርምር ማዕከል ጄሚ ሾተንና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ገለበጡት። ያለፈውን ምስል ረስቶ፣ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ያለችን እያንዳንዷን ነጥብ "ይህች ክንድ ናት፣ ይህች ጉልበት ናት" ብሎ የሚፈርድ ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙ የተማረው በኮምፒውተር በተፈጠሩ እጅግ ብዙ የሰው ምስሎች ነው፤ ረጅምና አጭር፣ ወፍራምና ቀጭን፣ የቆመና የጎነበሰ። ሥራቸው በ2011 በኮምፒውተር ዕይታ ሙያ ትልቅ በሆነው ጉባኤ ላይ የምርጥ ጥናት ሽልማት አገኘ። ሳሎን ውስጥ ያለ ሰው፣ ምንም ሳይለብስና ሳይዝ፣ ካሜራ ፊት ሲገባና ሲወጣ አጥንቱን ተከትሎ የሚያውቅ ማሽን በ150 ዶላር መግዛት መቻል፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የማይታሰብ ነበር።

ኖቬምበር 4 ቀን 2010 አሜሪካ ውስጥ ሽያጭ ጀመረ። በ60 ቀናት ውስጥ 8 ሚሊዮን ተሸጠ፤ ጊነስም በዓለም ላይ በፍጥነት የተሸጠ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ብሎ መዘገበው።

በዚያው ሳምንት ማይክሮሶፍት ያላሰበው ሌላ ውድድር ተጀመረ። አዳፍሩት የተባለ የኒው ዮርክ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ኪኔክትን ከተራ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ነፃ ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው 1,000 ዶላር አቀረበ። ማይክሮሶፍት ሲቆጣ ሽልማቱ ወደ 2,000፣ ቀጥሎም ወደ 3,000 ከፍ አለ። ኖቬምበር 10 መሣሪያው አውሮፓ ሲገባ ስፔናዊው ኤክቶር ማርቲን ገዝተው በሰዓታት ውስጥ ፈቱት። ከወራት በኋላ ጆኒ ቹንግ ሊ ከማይክሮሶፍት ለቀው ወደ ጉግል ከሄዱ ወዲህ አንድ ነገር ይፋ አደረጉ፤ የሽልማቱን ገንዘብ ያቀረቡት ራሳቸው ነበሩ፣ ያውም ኪኔክትን በሚሠራው ቡድን ውስጥ እያሉ። ሊ በ2007 የዊን ሪሞት እያገላበጡ ለሌላ ሥራ እንዴት እንደሚውል በቪዲዮ በማሳየት የታወቁ ናቸው። ሕዝብ መሣሪያውን ከፋፍቶ ካልተጫወተበት ዋጋው እንደሚቀንስ አምነው ነበር፤ ትክክል ነበሩ። ቶሮንቶ ውስጥ ሐኪሞች ንፁሕ ጓንታቸውን ሳያቆሽሹ የሕክምና ምስል በእጅ ምልክት ማገላበጥ ጀመሩ፣ የሮቦት ተመራማሪዎች እጅግ ውድ የነበረውን ዓይን በርካሽ አገኙ። ማይክሮሶፍትም ብዙ ሳይቆይ በሩን ከፍቶ የራሱን የማበልጸጊያ ፕሮግራም በ2011 አወጣ።

ሳሎን ውስጥ ግን ችግሩ ቀስ በቀስ ታየ። አንድ ሰው ለመጫወት ሁለት ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከዚያም የሰፋ ባዶ ወለል ይፈልጋሉ። የአሜሪካ ከተማ ዳር ቤቶች ይህን ይችሉታል፤ የቶኪዮና የለንደን አፓርታማዎች አይችሉትም። ልጆች አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተራ በሚጠብቁባቸው የአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ ደግሞ ያን ያህል ወለል ባዶ ትቶ የሚነግድ ባለቤት አይኖርም። ሌላው ችግር ከቁልፍ አለመኖር ይመነጫል። ጣት ቁልፍ ሲጫን ተጫዋቹ ማዘዙን ያውቃል፤ ባዶ አየር ሲገፋ ግን ማሽኑ ይረዳው አይረዳው እርግጠኛ አይደለም፣ ትንሽ መዘግየትም አለች። ወደፊት መራመድ እንኳን እንቆቅልሽ ሆነ። ሃርሞኒክስ የሠራው "ዳንስ ሴንትራል" የተሳካለት የሰውነት እንቅስቃሴ ራሱ ጨዋታው ስለነበር ነው። በ2012 የወጣው "ስቲል ባታሊየን፦ ሄቪ አርመር" የታንክን ውስጥ መያዣዎች በእጅ ምልክት እንዲታዘዙ አድርጎ፣ ተጫዋቹ መስኮት ሊዘጋ ሲል ሌላ ነገር እየነካ እንዲሞት አደረገው።

ድምፁ የተሻለ ዕድል ነበረው። በዚያው ዓመት "ማስ ኢፌክት 3" ጓዶችን በስማቸው ጠርቶ ማዘዝን ፈቀደ፤ "ፊፋ 13" ደግሞ ጌሙን ሳያቆሙ ተጫዋች መቀየርንና ታክቲክ መለወጥን። በፊፋው ዳኛን የሰደበ አሠልጣኝ ነገሩ በጌሙ ዜና ላይ ይወጣበት ነበር። ለ"ስካይሪም" በወጣው ማሻሻያ ተጫዋቹ ለጌሙ ተብሎ በተፈጠረው የዘንዶዎች ቋንቋ ጮኾ ጠላቱን ከገደል መወርወር ይችላል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ማንም በአፉ ፈትቶት የማያውቅ ቋንቋ ኪኔክት ውስጥ ቦታ ሲያገኝ፣ በሚሊዮኖች የሚነገረው አማርኛ አልገባም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ የሐበሻ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ እናትም ልጅም እኩል መዝለል ይችላሉ፤ ማሽኑን በአፍ ማዘዝ ግን እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት ለተማረው ልጅ ብቻ ይቀራል። የሰውነት እንቅስቃሴ ፓስፖርት አይጠየቅም፣ ድምፅ ይጠየቃል።

እስከ ፌብሩዋሪ 2013 ድረስ 24 ሚሊዮን ኪኔክቶች ተሽጠው ነበር። ማይክሮሶፍት ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ሰዎች ስለወደዱት ይኑራቸው የሚል ሳይሆን ሁሉም ሊኖረው ይገባል የሚል ሆነ። ሜይ 21 ቀን 2013 አዲሱ የማይክሮሶፍት ኮንሶል ኤክስቦክስ ዋን ሲተዋወቅ፣ አዲሱ ኪኔክት ካልተሰካ ኮንሶሉ እንደማይሠራ ተነገረ። "ኤክስቦክስ፣ ተነሥ" ሲባል እንዲሰማ ተብሎ ማይክሮፎኑ ሁልጊዜ ነቅቶ ይጠብቃል። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የኤድዋርድ ስኖውደን ሰነዶች የአሜሪካ መንግሥት የስለላ መሥሪያ ቤት የሰዎችን ግንኙነት እንዴት እንደሚከታተል ለዓለም ገለጡ። ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ፣ የማይነቀል ካሜራና ማይክሮፎን ለመሸጥ ከዚያ የከፋ ወቅት ሊኖር አይችልም። ኦገስት ላይ ኩባንያው ኮንሶሉ ያለ ኪኔክት እንዲሠራ ፈቀደ፤ ከሳጥኑ ውስጥ ግን አላወጣውም። በዚህም ምክንያት ኖቬምበር 22 ኤክስቦክስ ዋን በ499 ዶላር ሲወጣ ከሳምንት በፊት የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ነበር።

መቶ ዶላሩ ፈረደ። ተጫዋቾች ላልጠየቁት ዓይን የሚከፍሉት ገንዘብ ከጌሙ ላይ የተነሣ ሆኖ ተሰማቸው፣ ኪኔክት የሚይዘው የኮንሶሉ አቅም ደግሞ የምስል ጥራቱን ይነካል። በ2014 በኤክስቦክስ ክፍሉ ኃላፊ በፊል ስፔንሰር አመራር ማይክሮሶፍት ያለ ኪኔክት የሚሸጥ ኤክስቦክስ በ399 ዶላር አወጣ። በዚያው ዓመት ጁን በአንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ተዋናዩ አሮን ፖል ኤክስቦክሱን በቃል ሲያዝ፣ ማስታወቂያውን የሚያዩ ሰዎች ቤት ያሉ ኮንሶሎች ሰምተው ተነሡ። ኪኔክት ከሳጥኑ ሲወጣ ጌም ሠሪዎችም ተዉት፤ ኦክቶበር 2017 ምርቱ መቆሙ ተገለጸ።

መሣሪያው ሲሞት ዓይኑ አልሞተም። አፕል በ2013 ፕራይምሴንስን ገዝቶ ነበር። በ2017 የወጣው አይፎን ኤክስ በፊት ላይ የማይታዩ ነጠብጣቦችን ረጭቶ ባለቤቱን ሲለይ፣ አሠራሩ የኪኔክትን ሐሳብ አሳንሶ ኪስ ውስጥ ያስገባ ነበር። ሰዎች አሁን ሳያስቡት በቀን ደጋግመው ፊታቸውን ያሳዩታል፤ ያልፈለገም የይለፍ ቁጥሩን ይጽፋል።

በዚያው ዓመት የወጣው የኒንቴንዶ ስዊች ትናንሽ ጆይስቲኮች ማዘንበልንና መሽከርከርን የሚለካ ጃይሮስኮፕ ነበራቸው፤ ግን ኩባንያው እንደ ዊ ዘመን ዋና ወሬ አላደረገውም። በ"ስፕላቱን" ዒላማ ለማነጣጠር ጆይስቲኩን ትንሽ ማዘንበል ከዱላው ይልቅ ፈጣን ስለሆነ ጎበዞቹ ራሳቸው መረጡት። በ2019 የወጣው "ሪንግ ፊት አድቬንቸር" ደግሞ ለስፖርት ብለው ለሚገዙት ሰዎች ነው። ቀለበቱን መጭመቅና መሳብ ላብ ያወጣል፤ በኮሮና ወራት ሰው ቤቱ ሲዘጋ ከመደብሮች ጠፍቶ ነበር።

ልዩነቱን ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ ግን አንድ ጌም ነው። በ2011 ለዊ የወጣው "ስካይዋርድ ሶርድ" የዜልዳ ታሪክ አካል ሲሆን፣ ሰይፉ የሚወዛወዘው በተጫዋቹ ክንድ ብቻ ነበር፤ ክንዱን በደንብ ማንሣት ለማይችል ሰው ጌሙ ዝግ ነበር። የዚያ ዓይነቱ ሰው ብዙ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ትከሻው የታመመ። እንቅስቃሴን ግዴታ ያደረጉ ዓመታት እነዚህን ተጫዋቾች ከበር መልሰዋል፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው አሁንም በጣም ጥቂት ነው። ማይክሮሶፍት በ2018 ትላልቅ ቁልፎች ያሉት፣ እንደየሰው አካል በእግር፣ በክርን ወይም በአገጭ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ሲያወጣ ለእነሱ የመጀመሪያውን ሰፊ በር ከከፈቱት መካከል ነበር። ጁላይ 2021 "ስካይዋርድ ሶርድ" ታድሶ ለስዊች ሲወጣ፣ ተጫዋቹ ሰይፉን በክንዱ ወይም በአውራ ጣቱ እንዲያወዛውዝ ምርጫ ተሰጠው። ጁን 5 ቀን 2025 የወጣው ስዊች 2 ጃይሮስኮፑን ይዞ ቀጥሏል፣ ማይክሮፎንም ተገጥሞለታል፤ ማይክሮፎኑ የሚሠራው ግን በዋናነት ጓደኛሞች እየተጫወቱ እርስ በርስ እንዲያወሩበት ነው።